ለመንግሥት ትርፍ ገንዘብ ልመልስ የሄድሁ ዕለት

ልጄ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ እንድትሆን ተመርጣ ደብዳቤ ይዛ የመጣች ቀን፣ «እንቢ በይ» አልኋት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ እኔው ልቅደም ብዬ ነው። መተማ ዮሐንስ ትንሽ ከተማ ናት። ልጆቼን ያሳደግሁት «የተሳሳተ አፉን ሞልቶ ይናገር» እያልሁ ነው። ይህን ስል ታዲያ የሚሳሳቱት እነሱ ብቻ መስለውኝ ነበር።

እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ የሰሊጥ ገበሬ ነኝ። የቀረውን ራሴን ያስተማርሁ እኔው ነኝ፤ ከሬዲዮ፣ ልጆቼ ከጨረሱት ደብተር፣ ከጉምሩክ ቅጽ። መቶኛ ማስላት የቻልሁት ከሰሊጥ ገዢዎች ጋር ስጨቃጨቅ ነው፤ በዚህ ነገር የሚያታልለኝ የለም እያልሁም እኩራራ ነበር። አዲሱ የደመወዝ ግብር የወጣ ጊዜ ሬዲዮው ሲናገር እየሰማሁ ከካላንደር ጀርባ ጽፌዋለሁ። እስከ ሁለት ሺህ ብር ነጻ። ከዚያ እስከ አራት ሺህ አሥራ አምስት በመቶ፣ እስከ ሰባት ሺህ ሃያ፣ እስከ አሥር ሺህ ሃያ አምስት፣ እስከ አሥራ አራት ሺህ ሠላሳ፤ ከዚያ በላይ ሠላሳ አምስት። ቤት ውስጥ ደመወዝተኛ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እኔ ግን ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አስተምር ነበር።

«ስንት ይጨምሩልሻል?» አልኋት።

«አምስት መቶ ብር። ግን አባባ፣ ለብሩ ብዬ አይደለም እኮ።»

«ለብር ብሎ የማይሠራ መነኩሴ ነው ወይም ውሸታም ነው። አንቺ መነኩሴ አይደለሽም።»

«ውሸታም ናት በላታ እንግዲህ!» አለች እናቷ ከጓዳ።

ልጄ አዋላጅ ነርስ ናት። የፈለገችውን ነገር ቀስ ብላ ነገረችኝ። በአጨዳ ወቅት ከእርሻ ካምፖች ሴቶች በትራክተር ተጭነው፣ ምጥ ይዟቸው፣ አቧራ ለብሰው ይመጣሉ። ኃላፊ ብትሆን የተረኞቹን ፕሮግራም የምታወጣው እሷ ናት፤ ለነዚያ ወራት ፕሮግራሙን አዟዙራ በየፈረቃው አንድ ሰው መጨመር ትችላለች። ይህን ሐሳብ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታብላላው ቆይታለች። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ስትናገር እርሳስ እየፈለግሁ ነበር።

ስሌቴ ይኸውና። የዛሬ ደመወዟ አሥራ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው፤ ሠላሳ በመቶው ሲነሳ ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ ይቀራል። ሹመቱን ብትቀበል አሥራ አራት ሺህ አራት መቶ ይሆናል። አሥራ አራት ሺህን ተሻገረች ማለት ነው፤ ሠላሳ አምስት በመቶ ይነሳል። የሚቀረው ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ። እርሳሱን ጣልሁት።

«ተሹመሽ ሦስት መቶ ሰባ ብር ልትቀነሺ ነው። ሥራ ጨምረው፣ ራስ ምታት ጨምረው፣ ገንዘብ ይቀንሱልሻል። ይህንን እኔ ሳልሆን ሞኝ ነው የሚቀበል።»

ሰው እንዲህ ያለውን ስሕተት ከየት ያመጣዋል ለምትሉ፣ እኔ ያመጣሁት ከሰሊጥ ነው። ገዢው ጆንያውን በብረት ወግቶ ናሙና ያወጣል፤ መዳፉ ላይ ዘርግቶ አፈሩን፣ ገለባውን ይለያል። ቆሻሻው ከተወሰነው ልክ በጥቂት ካለፈ ያለፈው ብቻ አይደለም የሚቀነስበት፤ ጭነቱ በሙሉ ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል። አንድ ዓመት በአንድ እፍኝ አፈር የተነሳ ሰማንያ ኩንታል ወርዶብኛል። ከዚያ ወዲህ በእኔ አእምሮ ደረጃ የሚባል ነገር እንዲህ ነው፤ መስመሩን በስንዝር ካለፍህ ያለህን ሁሉ ይዘህ ትወድቃለህ። ሰሊጥ እንዲህ ካደረገኝ መንግሥት ለምን ይምረኛል?

ልጄ ወደ ክፍሏ ገብታ የደመወዝ ወረቀቷን አመጣች። «አባባ፣ እርስዎ እንደሚሉት ቢሆን አሁን የሚደርሰኝ ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ነበር። ይመልከቱት።»

አየሁት። ጡረታውን ወደ ጎን ብንተወው ከግብር በኋላ የቀራት አሥራ አንድ ሺህ ሰማንያ ብር ነው። ደጋግሜ ቀነስሁት። ከእኔ ስሌት በአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ይበልጣል። አእምሮ ያለው ሰው እዚህ ላይ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆን?» ይላል። እኔ እንዲህ አልሁ፦

«ተሳስተዋል።»

«ማን?»

«ፋይናንሶቹ ናቸዋ! በየወሩ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር የመንግሥት ገንዘብ አብልጠው እየሰጡሽ ነው።»

«የሁላችንም እንደዚህ ነው የሚሰላ።»

«የሁላችሁም ከሆነማ ጉዱ የባሰ ነው።»

«አባባ፣ ሠላሳ በመቶው በሁሉም ላይ አይደለም እኮ፣ ከአሥር ሺህ በላይ ባለው ላይ ብቻ…»

ጠረጴዛውን መታሁት። የመንግሥት ገንዘብ እሾህ ነው አልሁ። ሲገባ አይሰማም፤ ጊዜ ጠብቆ ነው የሚያመረቅዝ። ሌላም ብዙ አልሁ፤ ሲመክሩኝ ሳይሆን ስመክር ጊዜ አይበቃኝም። በመጨረሻም ሹመቱን እንደማትቀበል የሚገልጽ ደብዳቤ ቃል በቃል እየነገርሁ አስጻፍኋት። በፍጥነት ጻፈች፣ ፈረመች፣ አጥፋ ሰጠችኝ። ፊቷን አላየሁትም። ማየት ነበረብኝ።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር፤ የሹመቱ መልስ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን። መልሷ እንቢ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ለሁለተኛዋ ተወዳዳሪ ደብዳቤ ይጻፋል። ልጄ ተረኛ ስለነበረች ደብዳቤውን እኔው ይዤ ወጣሁ። በሌላ ኪሴ ደግሞ ለሰሊጥ ማረሚያ ካስቀመጥሁት ቆጥሬ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር በፖስታ ይዣለሁ። የአንዱን ወር ዕዳ ዛሬ፣ የቀረውን ከአጨዳ በኋላ ቀስ በቀስ ልከፍል አስቤ።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» አለች ሚስቴ በሩ ላይ። «የሰው ሁሉ ባል ከመንግሥት ይሰርቃል፣ የእኔው ለመንግሥት ተሸክሞ ይሄዳል።»

በልጄ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍሉ ሠራተኛ ከወሎ የመጣ ትሑት ወጣት ነው። ደብዳቤውን አንብቦ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ልጅቱ እርግጠኛ ናት?»

«እኔ እርግጠኛ ነኝ።»

ጥቂት አየኝና የገቢ ማህተሙን አሳረፈበት፤ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጠው። ያ የማህተም ድምፅ ደስ አለኝ። ከዚያ ኮሪደሩን ተሻግሬ ፋይናንስ ገባሁ።

ደመወዝ የምትሠራው ሴት ከአብርሃ ጅራ ናት፤ አባቷም እንደ እኔ ገበሬ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁ። የጣሪያው ማራገቢያ ወረቀቷን እንዳይበትነው በየወረቀቱ ላይ ድንጋይ ጭናለች።

«ምን ልርዳዎት አባቴ?»

«ገንዘብ ልመልስ ነው የመጣሁ።»

በክፍሉ ያሉት ሌሎች ሁለት ሠራተኞች መጻፍ አቆሙ።

«የምን ገንዘብ?»

«የመንግሥት። በየወሩ ለልጄ አብልጣችሁ የምትሰጡትን።» ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁና ስሌቴን ዘረዘርሁ።

ስጨርስ አልሳቀችም፤ ይህንን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ሌሎቹ ግን ስቀዋል። «እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ገንዘብ አነሰኝ ብሎ የሚጮህብኝ እንጂ በዛብኝ ብሎ የሚመጣ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። «ይቀመጡ።»

ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የግብሩ ሰንጠረዥ አለ። ያው እኔ የጻፍሁት ነው፤ ነገር ግን ሦስተኛ ዓምድ አለው፤ ከላዩ «ተቀናሽ» ይላል። ሬዲዮው አላነበበውም፣ ወይም አንብቦት እኔ ዕንጨት ስፈልጥ አልፎኛል።

«ሠላሳ በመቶው በጠቅላላው ደመወዝ ላይ አይደለም» አለች። «ከአሥር ሺህ በላይ ባለችው ላይ ብቻ ነው።»

«ልጄም ይህንኑ ብላለች። እሷ አዋላጅ ናት፣ ስለ ሂሳብ ምን ታውቃለች?»

«እኔስ?»

«አንቺ የተማርሽው ከወረቀት ነው። ደረጃ ሲባል እኔ በገንዘቤ ነው ያየሁት።» የሰሊጡን ነገር አጫወትኋት፤ ሰማንያውን ኩንታል፣ እፍኙን አፈር።

እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ሰሊጡን እንተወው። አጫጆችዎን እንዴት ነው የሚከፍሉ?»

ይህ ጥያቄ ደስ አለኝ፤ ዘዴው የራሴ ፈጠራ ነውና። ለአጫጆቼ ሰሊጡን አጭደው፣ ነዶ አስረው ባቆሙት ክምር ልክ እከፍላለሁ። በቀን እስከ አምስት ክምር በአንድ ዋጋ፤ ከስድስተኛው ጀምሮ በጨመረ ዋጋ። ሰነፉ አምስት ላይ ይቆማል፣ ጎበዙ ሰባት ያደርሳል። «ሠራተኛ የሚያመጡት ካቦዎች ሳይቀሩ ከእኔ ነው የቀዱት» አልኋት።

«ግሩም ነው። ሰባት ላቆመው ታዲያ ሰባቱንም በትልቁ ዋጋ ይከፍሉታል?»

«ምን አበድሁ? ትልቁ ዋጋ ለስድስተኛውና ለሰባተኛው ነው። አንድ ጎጃሜ ‹ሁሉም በትልቁ ይታሰብልኝ› ብሎ እርሻው መሀል ሲሟገተኝ ግማሽ ቀን ዋልሁ። ‹አንተ ሰው› አልሁት፣ ‹ጭማሪው ለተጨመረው ነው! አምስቱማ በአምስቱ ዋጋ ያለቀ ነገር ነው!›»

እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። ማራገቢያው ይዞራል። ሁለቱ ሠራተኞች እያዩኝ ነው።

ምን እንደተናገርሁ የገባኝ ያኔ ነው። ያንን ሁሉ ዓመት ይህን ሕግ እኔው ስፈርድበት፣ በጎጃሜው ላይ ሳስፈጽመው ኖሬ፣ መንግሥት በልጄ ላይ ሲያደርገው አላወቅሁትም።

«አብረን እናስላው» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ለዘብ ብሏል። የመጀመሪያው ሁለት ሺህ ምንም አይነካውም። ቀጣዩ ሁለት ሺህ በአሥራ አምስት ሦስት መቶ ብር። ቀጣዩ ሦስት ሺህ በሃያ ስድስት መቶ። ቀጣዩ ሦስት ሺህ በሃያ አምስት ሰባት መቶ ሃምሳ። ከአሥር ሺህ በላይ ያለችው ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ በሠላሳ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ። ድምሩ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃያ። ከአሥራ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ላይ ሲነሳ አሥራ አንድ ሺህ ሰማንያ። ልክ የወረቀቱ ቁጥር።

«በየጊዜው እንዲህ ስንደረድር እንዳንውል ነው ተቀናሹ የተሠራ» አለች። «ሁሉንም በሠላሳ ያባዙና፣ በታችኞቹ እርከኖች ላይ ከልክ በላይ የታሰበውን መልሰው ያወጡታል።» እርሳሷን በሰንጠረዡ ላይ፣ ሠላሳ በመቶው ትይዩ አሳረፈች። ተቀናሽ፣ 1,350።

ለመንግሥት ልመልስ የመጣሁት ገንዘብ ሳንቲም ሳያጎድል ግድግዳው ላይ ታትሞ ኖሯል።

«ሹመቱን ብትቀበልስ?»

«አምስት መቶው ይለያል። መቶው አሥራ አራት ሺህ እስኪሞላ በሠላሳ፣ ሠላሳ ብር። አራት መቶው በሠላሳ አምስት፣ መቶ አርባ። ከአምስት መቶው መቶ ሰባ ይሄዳል፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ለእሷ ነው። ደመወዝ ስላደገ ብቻ ሰው የሚጎዳበት አሠራር የለም አባቴ።»

«እንግዲያ ሠላሳ አምስት በመቶ ከፋይ ትሆናለች የሚባለው?»

«ያ የመጨረሻዎቹ ብሮች ምጣኔ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምትጨምረው አንድ ብር ስንት እንደሚቆረጥበት የሚነግር። ከጠቅላላው በእርግጥ የምትከፍለው ሌላ ነው። ግብሩን ለደመወዙ ያካፍሉት።» አካፈልሁት። ዛሬ ከመቶ ብር ሃያ ብር ከምናምን ትከፍላለች። ብትሾምም ሃያ አንድ አይሞላም። እኔ በሠላሳ አምስቱና በሃያው መሀል ያለውን ገደል ሳላይ ነበር ልጄን ገፍቼ ልጥላት የደረስሁ።

ተነሳሁ። ፖስታዬን መርሳቴን ያየችው እሷ ናት፤ ጠርታ ሰጠችኝ። ወደ ወሎዬው ሮጥሁ፤ በእኔ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ።

«ያችን ደብዳቤ መልስልኝ።»

«ጋሼ፣ ቁጥር ተሰጥቶታል እኮ። መመለስ አልችልም።»

«እኔው ነኝ ያመጣሁት!»

«ያመጡትስ እርስዎ ነዎት። የፈረመችው ግን እሷ ናት። መሻር የምትችለውም እሷው ናት፤ በጽሑፍ፣ ዛሬ፣ ከመውጫ ሰዓት በፊት።»

የማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ያለ አግዳሚ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። ልጄ ውስጥ ናት፣ አንዲት ሴት ይዛለች፤ እስክትጨርስ አትወጣም። ዙሪያዬ ሁሉ ሴቶች ናቸው። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ። የምራቷን መውለድ የምትጠብቅ አንዲት አሮጊት ስታየኝ ቆይታ፣ «ምነው አንተ፣ ምጡ በአንተ በኩል ነው እንዴ?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እዚያ ተቀምጬ ከካላንደሬ ጀርባ እያነበብሁ የመከርኋቸውን ሰዎች አስታወስሁ። ጎረቤታችን ያለው መምህር «ትርፉ ክፍያ የግብር ደረጃህን ያዘልልብሃል» ብዬው የማታ ክፍል ማስተማሩን ትቷል። የተወው ለአንድ ዓመት ነው። እሱን በሚቀጥለው ቀን ሄጄ ነግሬዋለሁ፤ ቡና እንኳ ሳያስጠጣኝ ሸኘኝ፤ ልክ ነው።

ልጄ ስትወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ጓንቷን እያወለቀች ስታየኝ ደነገጠች።

«ምነው? እማማ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ስሚኝ። ሠላሳ በመቶው በሁሉም ላይ አይደለም። ከአሥር ሺህ በላይ ባለችው ላይ ብቻ ነው…» ራሴ እንደፈለሰፍሁት ሁሉ ዘረዘርሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርሁዎት። ጠረጴዛውን መቱት።»

መትቼዋለሁ። «እያወቅሽ ለምን ፈረምሽ ታዲያ?»

ግድግዳውን ተደገፈች። «አባባ፣ የዚያን ዕለት ሦስት ሴት አዋልጄ ነው የገባሁ። ከእርስዎ ጋር መሟገት ከሦስቱም ይከብዳል።»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ወሎዬው አብረን ሄድን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ባዶ ወረቀት ሰጣት። የቀድሞ መልሷን እንደሻረች ሁለት መስመር ጻፈች። እሱም፣ «ምክንያቱን ጨምሪበት፣ አለበለዚያ ኮሚቴው ይጠይቀኛል» አላት። «በግል ምክንያት» ብላ መጻፍ ጀመረች።

«ቁም» አልሁ፤ ለብዕሩ ነው የተናገርሁት። «ያ ውሸት ነው። የአንቺ የግል ምክንያት የለበትም። ጻፊ፦ ‹የቀድሞውን መልስ የሰጠሁት አባቴ የደመወዝ ግብር አሠራርን በተሳሳተ መንገድ ተረድቶ ስላዘዘኝ ነው።›»

«አባባ፣ ይህ ፋይሌ ውስጥ ነው እኮ የሚቀመጥ። ለዘለዓለም።»

«ይቀመጥ። ጻፊው።»

«‹ስላዘዘኝ› የሚለው ይቅር። ‹ስለመከረኝ› ልበለው።»

«አልመከርሁሽም። አዝዣለሁ።»

ጻፈችው። ወሎዬው እያነበበ ከንፈሩን ነከሰ፤ ትከሻው ግን ከዳው፣ ተንቀጠቀጠ። «ጋሼ፣ እንደው ከታች ምስክር ሆነው ይፈርማሉ?» አለኝ፤ እየቀለደ ነበር። እኔ ግን እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምሁ። አሁን ሳቁን መያዝ አቃተው፣ ልጄም አቃታት፤ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ማህተሙ አረፈ።

ከግቢው የትራክተር ድምፅ ተሰማ፣ ሰዎች ሲጠራሩም። ልጄ ቅጂውን ከጋውኗ ኪስ ጨምራ መሮጥ ጀመረችና ዘወር አለች።

«አባባ፣ ይሂዱ ወደ ቤት። ለእማማም ራት አትጠብቂኝ አለች ይበሉልኝ። ያንን ሰንጠረዥም ከግድግዳው ያንሱት።»

«እሺ» አልኋት፤ ሄጄም አነሳሁት።